ለእኔ ኩሬ የተሰረቀ ነጭ ሽንኩርት

ለውዷ እህቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እናዘዛለሁ፦ ይህ ወረቀት ነጭ ሽንኩርት ቢሸትሽ ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ ሳይሆን የእኔ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ሥራሽስ? ያቺ ኩርፊያ የማይለቃት ጎረቤትሽስ ታረቀችሽ? እኛ ደህና ነን። የአያታችን ጆሮም ደህና ነው፤ ሐሜት ሲሆን ይሰማል፣ ሥራ ሲሆን ይደፈናል።

ከሁላችንም የተመቻቸው ግን በኩሬ የምናረባቸው ያንቺ ሽሪምፖች ናቸው። አባዬ በስልክ እንደነገርሽው ነጭ ሽንኩርትና እርድ ወቅጦ፣ መኖው ላይ በዘይት ለውሶ፣ ጥላ ሥር አስጥቶ ያበላቸዋል። እኔ ሳስል «ውኃ ጠጪ» ይለኛል፤ እነሱ ትንሽ ካስተረፉ ግን ፊቱ ይጠቁራል። አያታችን «በቁማቸው ይቀመማሉ እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ።

ባለፈው በሽታ ሽሪምፖቹን ስለጨረሰብን፣ ቅመሙም ይከላከላል ስላልሽው መጨነቁ ይገባኛል። የሚያንገበግበኝ ቅመም የሚበላውን «የእሷ ኩሬ» ማለቱ ነው። ለማነጻጸሪያ ያለ ቅመም ይቆይ ያልሽው ኩሬ ለእኔ ደረሰኝ፤ ለውሱን እንዳልነካም ተከለከልኩ። መኖ የምናይበትን የመረብ ትሪ ከውኃው ስናወጣ ያንቺ ተልሶ ባዶ፣ የእኔ መኖው እንዳለ። አባዬም፣ «እህትሽ እዚያ ሆና ታበላለች፤ አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ አቃተሽ» አለኝ። እታለም፣ ቅናት አንጀቴን አቃጠለው።

ከዚያ ወዲህ ካንቺ ለውስ በድብቅ እየዘገንኩ ለእኔዎቹ እበትናለሁ። ትሪዬ ተላሰ። አባዬ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ እንደ ሙሽራ ተንጎራደድኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለቱን ትሪዎች ጎን ለጎን አየና፣ «ያለ ቅመሙም እኩል ከበሉ ትርፉ ልፋት ነው፤ ከነገ ጀምሮ ይቅር» አለ።

አሸነፍኩሽ ማለት ነው። ታዲያ ምሳዬን ትቼ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። በሽታው ቢመለስ የሁለታችንንም ኩሬ የጨረስኩት እኔ ልሆን ነው። እባክሽ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ወዲያው ደውዪለትና «ቅመሙን አትተው» በዪው። ምክንያቱን እንዳትነግሪው። አሁንም ቢሆን እቀናብሻለሁ፤ ይህን እወቂልኝ።

አያታችን ግንባርሽን ስመውሻል፤ ስልክ ስታወሪ ጮክ በዪ ብለዋል። ድመቷ እንደወፈረች ናት። አባዬም በጣም ናፍቀሽዋል፤ ይህን የጻፍኩት ጥርሴን ነክሼ ነው።

ከመኖ ማደባለቂያው ክፍል፣ እሁድ ከሰዓት

ወረቀቱን ገና ሳላጥፈው አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። አየሩን እያሸተተ ነው።

«ፌንጣ» ይለኛል እንደ ልማዱ በቁልምጫ ስሜ፤ «እስቲ እጅሽን አምጪ።»