የልጄ ሚስት ተብዬ ስለተላከልኝ ሣጥን

ይድረስ ለተከበሩ፣ በአየር ኃይሉ የጠፉ በራሪዎችን ዕቃ ለሚያጣሩት ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎና እንቅልፍዎ የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የስኬልቶርፕ መንደሯ ዊኒፍሬድ ሃክስቢ፣ ቦምብ ጣዮቻችሁ በጣራዬ ላይ ባለፉ ቁጥር ሳህኖቼ የሚንቀጠቀጡብኝ ባልቴት፣ አለሁ። በአንዱ ቦምብ ጣይ ጅራት ላይ ተቀምጦ መትረየስ ይተኩስ የነበረው ልጄ ሌናርድ ግን ከጥር ወር ጀምሮ ከጀርመን አልተመለሰም። ዕቃውን የያዘውን ሣጥን ስለላኩልኝ እጅ እየነሳሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ልጄ ሳይመለስ በቀረበት ጠዋት ሬዲዮው «ሠላሳ ስምንት አውሮፕላኖቻችን አልተመለሱም» ብሎ ወደ ሙዚቃው አለፈ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሰባት ልጆች እንደነበሩ ሳይናገር ቀርቶ፣ ማባዛቱን ድንች እየላጥን ለምንሰማው እናቶች ስለተወልን እናመሰግናለን።

፪ኛ. በእጄ የሠራሁለትን ሹራብ አጥባችሁና አጣጥፋችሁ ልካችሁልኛል። ከመታጠቡ በፊት የልጄ ጠረን ነበረው፤ አሁን የእናንተን ሳሙና ይሸታል። እንዴት ያለ ንጽሕና ነው እናንተዬ!

፫ኛ. የሐዘን ደብዳቤያችሁ «በውድ ባለቤትዎ መጥፋት» ብሎ ይጀምራል። ለካ ስሜ ወይዘሮ ሃክስቢ ስለሆነ፣ ለልጄም ስጽፍ «ያንተው ዊኒ» ብዬ ስለምፈርም (አባቱ ከሞተ ወዲህ እሱም እንዲሁ ነበር የሚጠራኝ)፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ለሃያ አንድ ዓመት ልጄ ድራችሁኛል። ለሰርጉ አለመጥራታችሁ ብቻ ቅር አሰኝቶኛል።

፬ኛ. እስከዚህ ድረስ በሳቅ አልፌው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን በአየር ማረፊያው ወጥ ቤት የምትሠራ ኦድሪ የምትባል ልጅ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ በሬን አንኳኳች። «እማማ፣ ሌናርድ ካልተመለስኩ ብሎ ትራሱ ሥር ደብዳቤ አስቀምጦልኝ ነበር። ለሕፃኑም ጽፌበታለሁ ብሎኛል» አለችኝ። ሣጥኑን ገለበጥነው፤ ከሹራቡ ሌላ ምላጭና ካልሲ ብቻ! ተያይዘን ቢሮዎ ስንመጣ፣ የእርስዎ መኮንን በትሕትና ተነስተው እንዲህ አሉኝ፦

«ወይዘሮ፣ የሌላ ሴት ደብዳቤና ፎቶግራፍ ስናገኝ እያነበብን እናቃጥላለን። ሚስት እንዳትቀየም ነው፤ ለእርስዎው አስበን ነው።»

«እኔ እኮ እናቱ ነኝ!»

«ታዲያ ይቺ ማናት?»

«ይቺማ በሚያዝያ የሚያገባት ነበረች!»

ፊታቸው ቀላ፣ ቅጹን አገላበጡ፣ «ስሕተት ከሆነ እናዝናለን» አሉ። ደሜ ፈላ። ልጄን ጠላት ወሰደው፤ የመጨረሻ ቃሉን ግን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ለእኔ አዝናችሁ! ሕፃኑ ነገ «አባቴ ምን ብሎኝ ነበር?» ሲል ኦድሪ የምትነግረው ምን አላት?

የሚስትን ስሜት እንዲህ አጥብቀው ስለሚጠብቁ፣ የልጇ ሚስት ተብላ ከተሾመች እናት የላቀ አክብሮት ይድረስዎ።

ዊኒፍሬድ ሃክስቢ
ስኬልቶርፕ፣ ሊንከንሻየር፣ መጋቢት 1944 እ.ኤ.አ.

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከማቃጠሉ በፊት ያነበበ ሰው ከእናንተ መካከል አለ። ሌናርድ ለልጁ ያለውን ከእሱ በቀር በሕይወት ያለ ማንም አያውቀውም። ትዝ ያለውን ያህል፣ ሁለት መስመርም ቢሆን፣ ጽፎ ይላክልን። ብቻ ቶሎ ይበል፤ በየሌሊቱ ሰው ወደ ጀርመን እየላካችሁ የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይሰነብትም።