የሦስት ሰው ካርታ

ኤንካርና ጓደኛዬ፣

ልቧ አይችልም ብለሽ ደበቅሽኝ። ባሌን የቀበርኩት እኔ፣ ልቤን የምትለኪልኝ አንቺ! የእህቴን ሞት ከዳቦ ሻጩ ሰማሁ። የአገሯ ልጅ አይደል፤ «የፕላሲዳን ነፍስ ይማር፣ እትዬ ቪርቱዴስ» ብሎ ዳቦዬን ጠቀለለልኝ። ተቀብዬው መጣሁ።

አላለቀስኩም። ምንም አይሰማኝም።

ድስቱ ውስጥ ምስር አለ፣ አሙቂው። መድኃኒትሽን እንዳትረሺ።

ከተቀበረች ሳምንት ሆኗታል፣ ለኤንካርና ያኔውኑ ነግሬያታለሁ አለኝ ዳቦ ሻጩ። አንቺ ግን ትናንት ማታ እንኳ የተራራውን ዕረፍታችንን ስታወሪ አመሸሽ። ፕላሲዳ ደጅ፣ በለሱ ሥር ሦስት ወንበር እናወጣለን፣ እግራችንን ቦዩ ውስጥ ነክረን ካርታ እንጫወታለን አልሽ። «እሷ እንደሆነች እንደ ልማዷ ታጭበረብራለች» ብለሽም ሳቅሽ።

እኔም ሳቅኩ።

ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም።

እኔ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ፓምፓኔይራ፣ ወደ ፕላሲዳ መንደር ወጥቻለሁ። ነገ ተከተይኝ። ካርታውን ተይው፣ ጥቁር ሻሼን ይዘሽልኝ ነይ። እስከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። እንደ ደረስሽ አጠገቤ ተቀመጪና፣ በራስሽ አፍ መርዶዬን አርጂኝ።