ሳታጨስ ስለታሰረችው መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ጭስ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል፣ ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ እንደሚያስቀጣ በግቢዎ ግድግዳ ላይ ስላነበብኩ ይህን ዘልዬዋለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰልፍ ጥሼ አላውቅም፤ መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ቀይ መብራት ላይ እቆማለሁ። ባለቤቴ መካኒክ ናት፤ የሰፈሩ ሰው «ቱርቦ» ይላታል። በጋዜጣ የሚወጣውን ይህን ግልጽ ደብዳቤ እሷ ብትጽፈው ኖሮ በጣም አጭር ይሆን ነበር፤ ጋዜጣውም አያትመውም ነበር። ስለዚህ እኔ ጻፍኩት።

ባለቤቴ የሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜ ካላት ትንሽ መኪናዋ ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋ የነበረውን አሮጌ ሞተር አውጥታ፣ በአራት ዓመት የእሑድ ድካም ቱርቦ ያለው ኃይለኛ ሞተር ገጠመችላት፤ ሁለት የጭስ ማጣሪያም ጨመረችላት። መኪናዋ ውድድር ሜዳ ላይ ትከንፋለች። ባለቤቴም በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ በዚህ ወር መጨረሻ በሚካሄደው ትልቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሰለፍ በቅታለች። የእርስዎ መሣሪያ ደግሞ መኪናዋ ከተፈቀደው ጋዝ ሲሶውን እንኳ እንደማታወጣ መስክሮላታል። ለምስክርነቱ እናመሰግናለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በግቢዎ ውስጥ ታስራለች፤ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። በሠላሳኛው ቀን፣ በመመሪያዎ መሠረት፣ ትጨፈለቃለች።

ቅሬታ ብሎ መጥራት ድፍረት ስለሚሆንብኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ መስኮት ቁጥር ዘጠኝ የጭስ ምስክር ወረቀት ለመስጠት የማሻሻያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ያለዚህ ፈቃድ ቢመረመርም እንዳልተመረመረ ይቆጠራልና። የማሻሻያ ፈቃዱን የሚሰጠው መስኮት ቁጥር አራት በበኩሉ የጭስ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በመካከላቸው ስምንት እርምጃ አለ። የሁለቱም መስኮቶች ሠራተኞች እጅግ ትሑታን ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ትክክል መሆኑን አረጋግጠውልኛል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲባል በጆሮዬ ብቻ የማውቀውን በእግሬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ናቸው።

፪ኛ/ አማራጭ አልተነፈገንም። አሮጌውን ሞተር መልሰን ከገጠምን ወዲያው እንደምንለቀቅ በፈገግታ ተነግሮናል፤ ያኛው ቢያጨስም ሊብሬው ላይ የተጻፈው እሱ ነውና፣ በዕድሜው ምክንያት ልዩ አስተያየት ይደረግለታል። ሞተር ለመቀየር ታዲያ መኪናዋ ጋራዥ መሄድ አለባት። ከግቢው ለመውጣት መስታወቷ ላይ ጊዜው ያላለፈበት ቦሎ መለጠፍ አለበት፤ ቦሎ የሚሰጠው ደግሞ ምርመራውን ላለፈ ነው። ተጎትታ ትውጣ ብንል፣ የሚጎተትም መኪና ቦሎ ያስፈልገዋል ተባልን። እዚያው እንፍታው ብንል፣ ግቢ ውስጥ መፍቻ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ስለዚህ በግንቡና በውሃ ታንከሩ መካከል፣ አንድ በሯ ብቻ በሚከፈትበት ቦታ፣ ቆማለች።

፫ኛ/ ባትሪዋ እንዳይሞት ባለቤቴ የግቢውን ዘበኛ ለመነችው። ደግ ሰው ነው፤ «እናቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ እኔም አላየሁም» አላት። ባለቤቴ ሞተሩን ባስነሳች በአራተኛው ደቂቃ የግቢውን አየር በመበከል የቅጣት ወረቀት ተጻፈላት። ወረቀቱን የጻፈው ሠራተኛዎ፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ እያንቦለቦለች የቆመችውን የጽሕፈት ቤቱን ፒካፕ ተደግፎ ነበር። ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው እንኳ ሥራውን አለማቋረጡ አስደንቆኛል።

፬ኛ/ ይህኛው ጥፋት የእኔ ነው። ፈጣን መኪና ያላቸው ሌሎች ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ አገር ያውቃል፤ በምርመራው ዕለት ጠዋት አሮጌ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ ተውሰው ይገጥማሉ፣ ሞተሩን በአሮጌ ክዳን ይሸፍናሉ፣ ያልፋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይፈቱታል። በሰፈራችን ያለ አንድ ማርሚታ ብቻ ዘንድሮ በአሥራ አራት መኪና ሥር ሆኖ በምርመራ መሥመርዎ አልፏል፤ መርማሪዎችዎ ሳያዩት ሲውሉ ሳይናፍቁት አይቀሩም። ባለቤቴም እንደዚሁ ልታደርግ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ንጹሕ መኪና ይዘን ምን ያስደብቀናል ብዬ፣ የሞተሩን ለውጥ በገዛ እጄ፣ በቆንጆ ጽሑፍ፣ ቅጹ ላይ ሞላሁት። «አንተ ካልክ እሺ» አለችኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሳትከራከረኝ እሺ ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ባለቤቴ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ወደ ግቢዎ ትመጣለች፤ በዚያች አንድ በር ገብታ፣ መሪውን ይዛ፣ ዘበኛው የግቢውን በር ሊዘጋ እስኪመጣ ትቀመጣለች። ድሮ መኪና ሥር ተኝታ ስትሠራ ታፏጭ ነበር፤ አሁን አታፏጭም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ አፍሬያለሁ። መላ ባገኝ ብዬ መመሪያዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ተማሪዎቼን ካርታ ማንበብ የማስተምር ሰው መውጫውን አጣሁት። የምለምንዎ ሁለቱ መስኮቶች ለአንድ ቀን አንዱ ለሌላው ወረቀት እንዲያቀብል ብቻ ነው።

በመስኮት ቁጥር አራትና በመስኮት ቁጥር ዘጠኝ መካከል፣ ለአንዳቸውም ጀርባዬን ሰጥቼ እንዳላስቀይም በጎን እየተራመድኩ፣ ጥልቅ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣

ታዛዥዎ
የቱርቦ ባል

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ ሐሳቧን መለወጧን እንድጨምርበት ነገረችኝ። ውድድሩም ፈቃዱም ይቅርብኝ ትላለች። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ በሠላሳኛው ቀን መኪናዋ በሰንሰለት እንዳትጎተት፣ እስከ መጨፍለቂያው ድረስ ራሷ ነድታ እንድታደርሳት። ርቀቱን ለካሁት፤ አርባ እርምጃ ነው። መስኮት ቁጥር ዘጠኝ ሄጄ ጠየቅኩ። ለአርባ እርምጃም ቦሎ ያስፈልጋል አሉኝ።