የኮልተን ንጹሕ ጉልበት

ዴልፎርድ፣ ኦክላሆማ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ውድ ኮች ክሬብስ፣

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሰው የሞተ እንዳይመስልዎት። ማንም አልሞተም። የጎማ ቤቱ ሌስተር እንኳ ያን ሁሉ ሲጋራ እያጨሰ ደህና ነው። ደብዳቤ ከጻፍኩ ዘመን አልፏል፤ የመጨረሻው ለሠርጌ ስጦታ ላመጡ ሰዎች የጻፍኩት ምስጋና ነበር፣ የእሱንም ግማሹን እናቴ ናት የጻፈችልኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ልብስ ማድረቂያው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬው ነኝ።

ታክሰን እንዴት ነው? ልጅዎስ ደህና ናት? የአሪዞና ሙቀት ደረቅ ስለሆነ አይከብድም ይላሉ። ምድጃም ደረቅ ነው እላለሁ እኔ።

በጁን መኪናዎን ጭነው ከዚህ ሲወጡ ልሸኝዎት አልመጣሁም። ታምሜአለሁ ብዬ ነበር፤ አልታመምኩም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ደስ የሚለውን ላውራ።

የትምህርት ቤታችን አዲሱ የፉትቦል አሰልጣኝ ኤፍራይን ሳላዛር ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከቴክሳስ ደቡብ የመጣ፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ። ገና በመጀመሪያው ልምምድ ልጆቹን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በታተናቸው። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ አጣብቀው፣ ኳሷን ለትልቁ ልጅ አስታቅፈው፣ “ግፉ!” እያሉ ሦስት ሦስት ያርድ ያስቆፍሯቸው አልነበር? አሁን ግፊያ ቀረ። ኳርተርባኩ፣ ኳስ ወርዋሪው ትሬይ ኦዶም ከኋላ አምስት እርምጃ ርቆ ይቆማል። የልጅ ልጅዎ ኮልተን መሐል ሆኖ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይልክለታል። ትሬይ ደግሞ ራቅ ብሎ ለሚሮጠው ልጅ በአየር ይወረውራታል።

በየመሐሉ ክብ ሠርቶ መንሾካሾክ የሚባል ነገርም የለም። ሜዳው ዳር ሁለት ልጆች የበር ግማሽ የሚያህል ሰሌዳ ያነሳሉ። ሰሌዳው ላይ መጥበሻ አለ፣ ዔሊ አለ፣ ትራክተር አለ፣ የሐብሐብ ቁራጭ አለ። ልጆቹ ቀና ብለው ሥዕሉን አይተው የሚሠሩትን ያውቃሉ። ሌስተር መጀመሪያ ቀን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ “ኮች! ለእኔ ሐብሐቡ ላይ አንድ ቁራጭ ፓይ ይጨመርልኝ!” ብሎ ጮኸ። ሳላዛር ዞር አለና፣ “ወጥ ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ጌታዬ!” አለው። እኔ የዚያን ዕለት ነው የወደድኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።

እርስዎንም ጨርሶ አልጣለዎትም። አንድ ያርድ ብቻ ስትቀር ሁሉንም ሰብስቦ የእርስዎን የድሮ ግፊያ ይጠራል። የዚያ ሥዕሉ በቅሎ ነው። በቅሎዋ እርስዎ ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅኩም።

ደስ የሚለው ይኸው ነው፤ ጨዋታው ግን ጉድ ነበር። የመጀመሪያዋ ዓርብ የመጀመሪያዋ ኳስ ከኮልተን እጅ ወጥታ፣ በትሬይ ራስ ላይ አልፋ፣ ማርሽ ባንዱ ዘንድ ሄደች። ቱባ የሚነፋው ልጅ ቀለባት። ሌስተር “እሱን አስገቡት! ከእኛ ልጆች ኳስ መያዝ የቻለ እሱ ብቻ ነው!” ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። አርባ ሰባት ለስድስት ተሸነፍን። ኮልተን ኳሷን ማቀበሉን በሁለት ሳምንት ለመደ። እየተሸነፍን ግን አምስት ጨዋታ ደረስን።

መቼም ያውቁኛል፤ እኔ ጨዋታ የማነበው በልብስ ነው። ሃያ አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የዚህን ከተማ ልጆች ቀይ ጭቃ በቀዝቃዛ ውኃ ስዘፈዝፍ፣ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ተቀምጦ ፋንዲሻ ሲበላ እንዳመሸ ለይቼ አውቃለሁ። በእርስዎ ጊዜ ሁሉም ከፊት ነበር የሚቆሽሸው፤ ደረት፣ ክርን፣ ጉልበት። ዘንድሮ ልብሱ ንጹሕ ሆኖ ይመጣልኛል፣ ከሁለት ልጆች በቀር። የትሬይ ጀርባ ከአንገቱ እስከ ቀበቶው ቀይ ነው፤ በየጊዜው በጀርባው ይዘረጋል ማለት ነው። የኮልተን ደግሞ ጉልበቱ ቀይ ነው፣ ልክ እንደ ድሮው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አነጠፍኳቸውና ሳላዛርን ጠራሁት። ብዙ ማየት አላስፈለገውም። “አውቃለሁ፣ ሚስ ግሌንዳ” አለኝ። “ኳሷን እንዳቀበለ ቆሞ ትሬይን መከለል ሲገባው ወደፊት ተወርውሮ መሬት ይወድቃል። በተወው ቀዳዳ ገብተው ትሬይን ይጥሉታል። መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ‘እሺ ኮች’ ይላል፣ ዓርብ ሲደርስ ያው ነው።”

“ልጁ ደደብ አይደለም” አልኩት።

“እንዲያውም ከሁሉም የሚበልጥ ጭንቅላት ያለው እሱ ነው። ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው።”

በማግስቱ ኮልተን ፎጣ ሊያደርስ ሲመጣ በሩን ዘጋሁበት።

“ና እስቲ ወዲህ። ይሄ የማን ነው?”

“የእኔ ነው፣ ሚስ ግሌንዳ።”

“ይሄስ?”

“የትሬይ።”

“አንተ በፊትህ፣ እሱ በጀርባው። ለመሆኑ የተጫወታችሁት አንድ ሜዳ ላይ ነው?”

ትሬይ በዚያ ሳምንት ቀኝ ትከሻው አልነሣ ብሎት በር የሚከፍተው በግራ እጁ ነበር፤ ሁለታችንም አይተነዋል። ከዚያ ኮልተን ወለሉን እያየ፣ “አያቴ እሑድ እሑድ ይደውላል” አለኝ።

“ታዲያ ይደውል! አያት አይደለም እንዴ?”

“ስልኩን እንዳነሳሁ የሚጠይቀኝ ‘ጉልበትህ ቆሽሿል?’ ብሎ ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ዋሽቼው አላውቅም፣ ሚስ ግሌንዳ።”

ኮች፣ አንጀቴን በላኝ። ያ የጉልበት ፍተሻዎ ትዝ አለኝ። ከጨዋታ በኋላ አውቶቡሱ አጠገብ ያሰልፏቸውና እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እያንዳንዱን ጉልበት እያዩ ቀስ ብለው ያልፉ ነበር። ጉልበቱ ንጹሕ የሆነ ልጅ የሁሉንም ሻንጣ ይሸከማል። ይሄ ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እዚያ ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆሞ የራሱን ጉልበት ሲያስፈትሽ ነው ያደገው።

ከዚያ ሳቄ መጣ። ስቄም አልቀረሁ፣ ሃያ አራት ዓመት የያዝኩትን ምስጢር ዘረገፍኩለት። አሁን ለእርስዎም ልንገርዎት፤ ተቀምጠዋል? ከጨዋታ የመጣ ጭቃ ወደ ቅልጥም ይሳባል፣ ይፋፋቃል። ተንበርክኮ የተቀባ ጭቃ ግን ክብ ነው፣ ልክ እንደ ብስኩት። በየሳምንቱ አራት አምስት ብስኩት አጥብ ነበር! ከውኃ ቧንቧው ኋላ ያለው ረግረግ ለምን ሁልጊዜ የተረገጠ ይመስልዎታል? የመጀመሪያው ብስኩት ጋጋሪ ደግሞ ማን ነበር ቢሉኝ የራስዎ ልጅ ዶኒ ነው። ይቅር ይበሉልኝ፤ አሁን አርባ ዓመቱ ነውና አይቆጡት።

ኮልተን የአባቱን ጉድ ሲሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ሲበርድለት ግን፣ “እሱ አባቴ ነው። እኔ ብስኩት አልጋግርም” አለኝ። “ከኤልም ክሪክ ጋር ተጫውቼ ልብሴን መልሼ ከቡድኑ እወጣለሁ። ትሬይንም እያስመታሁ አልቀጥልም፣ አያቴንም አልዋሽም። ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝ።”

ሌላ መንገድ አላወቅኩም። “ለአንድ ጨዋታ ኮችህ እንዳለህ ቆመህ ሞክር። የእሑዱን ለእኔ ተወው” አልኩት። የእሑዱን ምን እንደማደርገው ለራሴም አልገባኝም ነበር፤ አፌ ነው የቀደመኝ።

ባለፈው ዓርብ ኤልም ክሪክ ሄድን። ከኮልተን ፊት ፍሪጅ የሚያህል ልጅ አቆሙበት። ኮልተን ኳሷን አቀበለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ቆመ። ፍሪጁ መጥቶ ተላተመበት፤ ንቅንቅ የለም። ሌስተር “በሩ ተቆልፏል! በጓሮ ዙር!” ይለዋል። ትሬይ ጸጉሩን ለማበጠር የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ወረወረ፣ ልጆቹም ያዙ። ቱባ ነፊውን እንኳ አላስፈለገንም። በቅሎዋ አንድም ጊዜ አልተነሳች። ሃያ ስምንት ለሃያ አራት አሸነፍን። አውቶቡሱ ውስጥ እንዲህ ተደርጎ ሲዘፈን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት የትሬይን ጀርባ ገልብጬ አየሁ፤ ንጹሕ። የኮልተንን ሱሪ አወጣሁ፤ ጉልበቱ ከሱቅ እንደወጣ ነው። ሳሙና ዓይኔ ገባ እንበል።

እሑድ ደወሉ፤ አላነሳም። ዶኒ እንደነገረኝ ስልኩ ሲጮህ ልጁ ጋራዥ ገብቶ መኪና ሥር ተኛ። እርስዎም “ልጁ አኮረፈኝ፣ ወደ አዲሱ ሰውዬ ዞረ” አሉ አሉ። አላኮረፈም፣ ኮች። ጉልበቱ ንጹሕ ስለነበረ ነው። ትናንት ልብሱን አጣጥፎ አመጣልኝ። “እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ አልረከብህም፤ የጠፋ ካልሲ አለ” ብዬ በውሸት መለስኩት። ሰኞ ግን እውነቱን ነው፣ ይመልሳል። ይሄ ልጅ ያለውን ያደርጋል፤ ከማን እንደወረሰው እርስዎ ያውቃሉ።

እንግዲህ ሳልታመም ታመምኩ ያልኩበትን ምክንያት ልንገርዎት። “አዲስ አሰልጣኝ ይምጣልን” የሚለው ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ። አርባ ሦስተኛው ስም የእኔ ነው። እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ሱሪዎቹ ናቸው ያስፈረሙኝ። ሥራ ስጀምር አርባ አራት ሱሪ አጥብ ነበር፣ ትልልቁ ልክ አይበቃንም ነበር። አምና ሃያ ሦስት ነበሩ። ትልልቆቹ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ፣ ትንንሾቹን ወገባቸውን እየሰፋሁ አጠበብኩ። ሰዉ እርሻውን እየሸጠ ሲሄድ ትልልቆቹን ልጆች ይዞ ሄደ፤ የቀሩት ቀጫጭኖች ናቸው። እርስዎ በእነዚህ ቀጫጭን ልጆች ግድግዳ ያስገፉ ነበር። ያን ሁሉ ደም ያጠብኩት እኔ ነኝ። መጥቼ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ፤ ፈርሜ ቤቴ ገባሁ። ሲሄዱም ዓይንዎን ማየት አቃተኝ። ለፊርማዬ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ለዝምታዬ ግን እጠይቃለሁ።

አሁን ይህን ጥቅል ከፍተው ደብዳቤውን ሲያነሱ ከሥር አንድ ነጭ ማልያ ያገኛሉ። ኮልተን ኤልም ክሪክ ላይ የለበሰው ነው። በሃያ አራት ዓመት ሳላጥብ ያስቀመጥኩት ልብስ እሱ ብቻ ነው። ደረቱን ይዩት። የዚያ የፍሪጁ ልጅ ሁለት መዳፍ በቀይ ጭቃ ታትሟል፤ ጣቶቹን ቆጥሬአቸዋለሁ፣ አሥር ናቸው። ከሥር ሌላ አለ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ልጁ ማታውን ሁሉ ቆሞ ሲገፋ ነው ያመሸው። እርስዎ ጉልበት የሚያዩት ልጁ ለጓደኛው ራሱን ሰጥቷል ወይ ብለው አልነበር? ሰጥቷል። ቦታው ነው የተለወጠው።

ፖስታ ቤት ያለችው ዓርብ ይደርሳል ብላኛለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮልተንን ስልኩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ እምቢ ካለም ላዩ ላይ እቀመጥበታለሁ፣ ኪሎዬን ያውቁታል። ደውለው ስለ ጉልበቱ አይጠይቁት። “ደረትህ ላይ ስንት እጅ አለ?” ይበሉት፤ የቀረውን እሱ ያወራዎታል።

ማልያውን አደራ እንዳያጥቡት፣ በተለይ በሙቅ ውኃ! ለኖቬምበር 3 ጨዋታ ያስፈልገኛል። በፖስታ መላክም ይቻላል፤ ግን ይዘውት ቢመጡ ይሻላል። መጥተው ሊጮሁብኝም ከፈለጉ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ።

አክባሪዎና አርባ ሦስተኛዋ ፈራሚ፣
ግሌንዳ ሆስኪንስ