ለምረቃ ስለተቆለፈባት ማሽንና ሳትቆረጥ ስለቀረች አንዲት የአበባ ቅጠል

ለተከበሩ አቶ ደባልቄ
የእጅ ሥራ ማኅበራት መሣሪያ መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና በመጪው እሑድ ለምትዳረው ልጅዎ የሙሉ ጤና ምኞቴን ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ። ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ደረጃ ሲወጡም እንዳያደናቅፍዎ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ከኪስዎ እንዳይወድቅ እንጸልያለን። በተለይ ስለ ቁልፉ አጥብቀን እንጸልያለን፤ የማኅበራችን ተስፋ ሁሉ ከዚያ በር በስተጀርባ ነው ተብለናልና።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላው አንባቢ ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ብርሃነሽ ለሜሳ እባላለሁ። የሠርግ፣ የዒድና የምረቃ ካርድ በእጃችን እየሠራን፣ በቀርከሃ ስንጥር እያስጌጥን የምንሸጥ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አበባውን፣ ጨረቃውንና ቀለበቱን ከወፍራም ወረቀት ላይ በመቀስ እየፈለቀቀች የምታወጣልን ኢንቲሳር ናት። የኢንቲሳር የቀኝ እጅ አውራ ጣት ካበጠ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ መታጠፍ እምቢ ብሏል። ጤና ጣቢያ የመረመራት ሰው መቀሱን ካልተወች እጇ እንደማይድን ነግሯታል። መቀሱን ከተወች ደግሞ እንጀራዋ ይቀራል። እንግዲህ በእጅ የሚዞር የወረቀት ቅርጽ መቁረጫ ማሽን እንዲገዛልን ያመለከትነው ለጌጥ ሳይሆን ለዚህች እጅ ብለን ነበር።

ጥያቄያችንን ተቀብላችሁ ስላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አሰፍራለሁ።

1ኛ. ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ነጋዴው ሁለት ማሽኖች ይዞ ወደ አዳራሹ የመጣ ዕለት እኛም ተጠርተን ነበር። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፤ ስለት ያለው የብረት ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ በሁለት ሰሌዳ መሀል ይታፈናል፣ እጀታው ሲዞር ተጨምቆ ያልፍና ቅርጹ ተቆርጦ ይወጣል። አንደኛዋ አፏ ሰፊ፣ ሙሉ የጥሪ ካርድ ተዘርግቶ የሚያልፍባት፣ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የምትታሰር ከባድ ማሽን ናት። ሁለተኛዋ ጠባብ፣ ያማረ ቀለም የተቀባች፣ እንደ ቦርሳ ተጣጥፋ የምትያዝ ናት። እኛ ሰፊዋን ለመንን፤ ኮሚቴው «ለመሸከም ትቀላለች» ብሎ ጠባቧን መረጠ። ማኅበራችን ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሠርቶ ስለማያውቅ ማን ወዴት እንደሚሸከማት ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ መልሼ ገጠምኩት።

2ኛ. ስለ ጥንቃቄው አመሰግናለሁ። በመቀስ ስንሠራ ወረቀቱ እንዲጠነክርልን ቀርከሃውን አስቀድመን እንለጥፋለን፣ ከዚያ እንቆርጣለን። ማሽኗ ተገዝታ በአዳራሹ የተሞከረች ዕለት ኢንቲሳር በዚያ በለመደችው መንገድ ቀርከሃ የተለጠፈበትን ወረቀት ማሽኗ ውስጥ ከተተች። ስንጥሩ የአበባውን ስለት አንድ ቦታ ላይ አጠፈው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአበባው ቅጠሎች አንዷ ሳትቆረጥ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አልክድም። እርስዎም በሰው ፊት «የመንግሥት ንብረት ባልሠለጠነ እጅ አይነካም» ብለው ገሠጹን፤ ኢንቲሳር አንገቷን ደፍታ ወጣች። ማሽኗም ሥልጠና እስኪሰጠንና እስክትመረቅ ድረስ መጋዘን ገባች ተባልን። ጉባ ላይ ያ ሁሉ ውሃ ተገድቦ፣ ግድቡም ተመርቆ አብቅቷል፤ የኛ ማሽን ግን እስከ ዛሬ ሪባን የሚቆርጥላት ሰው ትጠብቃለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። በዚህ መሀል ከሸርቆሌ የታዘዘውን የተማሪዎች የምረቃ ካርድ ኢንቲሳር በዚያችው ጣት፣ ጨርቅ ጠምጥማ ቆርጣ ጨረሰችው። ስትቆርጥ እንባዋ ይወርዳል፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሙጫ እቀባለሁ። ይህ ያቃጥለኛል፣ ክቡር ሆይ፤ በትሕትና ልሸፍነው ብሞክርም አልሸፈን አለኝ።

3ኛ. ስለ መጋዘን ጠባቂው ስለ ጁምዓ አመሰግናለሁ። ማሽኗን በዓይናችን ብቻ ልናያት ሄደን ነበር። ጁምዓ ውሸት የማይሆንለት ጨዋ ሰው ስለሆነ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «አለች፣ አርፋለች» አለን። ካርቶኗም በሩ አጠገብ ተቀምጦ አየነው። ባልደረባችን ነዕማ በእግሯ ጫፍ ገፋ ብታደርገው እንደ ባዶ ጆንያ ሸተት አለላት። ያን ጊዜ «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አለ ስንጥር» የሚሉት ትዝ ቢለኝም፣ ማሽኗ ሳትሠራ ከስታ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

4ኛ. ይህ ከሁሉ የላቀ ምስጋናዬ ነው። የልጅዎ የሠርግ ጥሪ ደርሶናል። ከነቅሬታችን ስላልረሱን እግዚአብሔር ይስጥልን። ካርዱ ቀይ ነው፤ ወርቃማ አበባ ተለጥፎበታል። ከአበባው ቅጠሎች አንዷ አልተቆረጠችም። ኢንቲሳር ካርዱን ተቀብላ ብዙ ካየችው በኋላ «ይሄ አበባ አውቃለሁ እኔ። ወላሂ፣ እኔ ነው ያቆሰልኩት» አለች። እኔ ሰው በከንቱ መጠርጠር ስለማልወድ ከጎረቤት፣ ከሱቅና ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የእርስዎን የጥሪ ካርድ እየተዋስኩ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሁሉም ላይ ያችው ቅጠል፣ በዚያው ቦታ ተንጠልጥላለች።

በእርግጥ ሌላ ማብራሪያ ሊኖር ይችላል። ምናልባት በሌላ ከተማ ሌላ ኢንቲሳር፣ በሌላ ቀርከሃ፣ የሌላ አበባ ስለት በዚያው ቦታ አጥፋ ይሆናል። ወይም ለእኛ የተባለው ሥልጠና ስህተት እንዳይገባበት በቅድሚያ በቤትዎ ሳሎን እየተሞከረ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በአክብሮት እንጠይቃለን። ማስረጃ ለማባዛት ግን አልተቸገርንም፤ እርስዎ ራስዎ ለከተማው ሁሉ በፖስታ አሽገው አድለውልናል። ይህን የምታነቡ የአሶሳ ሰዎችም ጥሪው ከደረሳችሁ ካርዳችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱት።

የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሠርጉ ሥራ ካለቀ፣ ማሽኗ ሳትመረቅም ቢሆን ለተገዛችላት እጅ ትሰጥልን። ሪባኑ ይቅርብን።

ለመሸከም የምትቀለውን ለይቶ በሚያውቅ ዓይንዎ ሁልጊዜ የምትደነቅ፣ በቁልፍዎ ጥበቃ ሥር በሰላም የምትኖር፣ ታዛዥዎ

ብርሃነሽ ለሜሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካርዱ «ይህን ይዘው ይምጡ» ስለሚል ይዘን እንመጣለን። የማኅበሩን ስጦታ የምታቀብልዎ ኢንቲሳር ናት። በግራ እጇ ብትሰጥዎ በእንግዶችዎ ፊት እንደ ንቀት አይቁጠሩባት፤ ቀኟ ማሽኗ እስክትመረቅ ድረስ ሲሠራ የሰነበተ ነው፤ አሁን ዕቃ ጨብጦ መያዝ እምቢ ብሏታል።