የዜማ ጸጉርና የጾሙ ቅቤ

ለልጄ ለየኔአለም ይታያል፣ ቤሩት

በድለሽኛል። ከእኔ ደብቀሽ፣ ወደ አገሯ ለምትመለስ ልጅ አስይዘሽ፣ ጸጉር ያለሰልሳል የተባለ ቅባት ለልጅሽ ላክሽላት፤ ቅባቱም የልጅቱን ራስ አቃጥሎ ጸጉሯን አረገፈው። ያሳደግኋት አያቷ እያለሁ በገዛ ቤቴ የሆነውን ከጎረቤት ሰማሁ። ይህን ሳልጽፍ እንደምን ነሽ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን ግን እጠይቅሻለሁ። እንደምን አለሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽ በወጉ ያሳርፉሻል ወይ? በጾሙስ የምትቀምሺው አታጪም ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በሬዎቹ ደህና ናቸው። ላሚቱ ለግንቦት ትወልዳለች። የመጋቢት ዝናብም ጣል ጣል ብሎ መሬቱን አለስልሶታል። ይህን የምነግርሽ ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑን እንድታውቂ ነው፤ ደህና ያልሆነችው ልጅሽ ዜማ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዜማ ሻሽ ማሰር ጀመረች። ውኃ ስትቀዳም ስትተኛም አትፈታውም። እኔ ሞኙ ለጾሙ ብላ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙኝ ሰዎች አወራሁላት። በኋላ ሹሩባ የምትሠራት ጎረቤታችን የብርጓል በሩ ላይ ቆማ «አያ ይታያል፣ ዓይንዎ መጽሐፍ እንጂ ሰው አያይም? እስቲ የልጅቱን ሻሽ ይፍቱት» አለችኝ። ፈታሁት። ከጆሮዋ በላይ በሁለቱም በኩል መዳፍ የሚያህል ባዶ ቀርቷል። የተረፈውም ክረምት የበላው የጣራ ሳር መስሏል፤ ወዝ የለውም፣ ሲነኩት ይሰበራል። የደበቀችውን የቅባቱን ቆርቆሮ ከገብሱ ጎተራ ውስጥ አወጣሁት። ላዩ ላይ የምትስቅ ሴት ሥዕል አለበት።

ትምህርት ቤት አንድ ቀን ልጆቹ ሻሿን ገፍፈው «መላጣ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከደጅ አልወጣችም፤ ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው። መምህሯ ደመላሽ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ እስከ ዳግም ትንሣኤ ካልተመለሰች ለፈተናው አትቀመጥም ብሎኛል። ተቆጣኋት፣ ከዚያ ለመንኋት። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ሰው ለምኜ አላውቅም። ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። እህል የምትቀምሰው እኔ ስወጣ ነው።

ያላደረግሁት የለም። መጀመሪያ የቅባቱን መርዝ ላስለቅቅ ብዬ በእንዶድ አጠብኋት። የብርጓል ይህን ስትሰማ «እንዶድ እኮ ለጋቢ ነው፤ ልጅቱን ጋቢ አደረጓት?» አለችኝ። እውነትም ባሰባት። ከዚያ እሷ እንዳዘዘችኝ ተልባ ዘፍዝፌ፣ ዝልግልጉን በጨርቅ አጥልዬ ቀባኋት። ከገደሉ አፋፍ እሬት ቆርጬ፣ ልጣጩን ገፍፌ፣ ፈሳሹን ራሷ ላይ አደረግሁ። ጉሎ ቆልቼ ወቅጬ፣ በውኃ አፍልቼ፣ የሰፈፈውን ዘይት በማንኪያ ለቀምሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗም መጥታ አይታት፣ ሥሩ ካልሞተ ይመለሳል፣ አትጎንጉኑት፣ አታጥብቁት፣ ምስርና ጎመን አብሏት፣ ታገሡ አለች። ስንት ጊዜ ብላት ወራት ነው አለችኝ። እኔ ያለኝ ሳምንት ነው።

የብርጓል ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ለጋ ቅቤ። በጾም ቅቤ ደጄን እንደማያልፍ ታውቂያለሽ፤ ለአፍም ለራስም። ይህን ሕግ ለእናትሽም፣ ለአንቺም፣ ለዜማም አንድ ቀን አላላሁም። እምቢ አልሁ። እሷም «ልጅቱ ያን ቅባት እንዲያው ደርሳ የተቀባች ይመስልዎታል? የዓመቱን ግማሽ ራሷን አድርቀውባት፣ ጸጉሯ እንደ ገለባ ሲሰባበር ለእናቷ አልቅሳ ነው የተላከላት» አለችኝ። ዜማን እውነት ነው ወይ አልኋት። ከግድግዳው ሳትዞር «አዎ» አለች።

መሪጌታ አካለ ወልድ ዘንድ ሄድሁ። ይደግፈኛል ብዬ ነው የሄድሁት። «ጾሙ የአፍ ነው፤ ራስ ቅቤ ቢቀቡት ምን ይበላል? ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። ራሴ አንብቤ ነው አልሁት። «መምህሩም አንተ፣ ተማሪውም አንተ። ታዲያ ሲሳሳት ማን ይገሥጸው?» ብሎ ሳቀ። ያለ መምህር በመማሬ ስልሳ ዓመት ስኮራ ኖርሁ፤ የዚያን ቀን ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ረዘመብኝ።

አንቺም ታውቂ ነበር። ቅቤ አይከልክሏት ብለሽ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም፤ ቆርቆሮ ላክሽ። ብትጽፊልኝ እሰማሽ ነበር ወይ? አልሰማሽም ነበር።

መጋቢት ሃያ አራት ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ሄጄ ቅቤ ገዛሁ። ሻጮቹ ያውቁኛል። አንዷ «አያ ይታያል፣ የእርስዎ ፋሲካ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ?» ስትል፣ ሌላዋ «ተዪአቸው፣ ከመጽሐፍ አግኝተውት ይሆናል» አለች። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። በጋቢዬ አልሸፈንሁትም። በቅጠል እንደተጠቀለለ በእጄ ይዤ በመካከላቸው አለፍሁ።

ቤት ገብቼ ነይ ራስሽን ጉልበቴ ላይ አድርጊ አልኋት። መጥታ ተጋደመች። በጣቴ እያቀለጥሁ ቀስ ብዬ ቀባኋት። ጸጉሯ ከቅቤው ጋር እየተነቀለ በእጄ ይቀራል፤ እንዳታየው በጋቢዬ ጠረግሁት። ከስንት ቀን በኋላ አፏን ከፍታ «አባባ፣ እጅዎ ይሻክራል» አለችኝ። ዝም በይ አልኋት። መቀባቴን ቀጠልሁ።

ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። አንድ ቀን ሳላጓድል እቀባታለሁ። ትናንት ከግራ ጆሮዋ በላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ የቀጠነ ጥቁር ነገር ያየሁ መስሎኝ የብርጓልን ጠራኋት። አይታ አይታ ጥላ ነው አለችኝ። እኔም ደግሜ ሳየው ጥላ ነው።

እንግዲህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ደውይላት። ሻሿን እንዳሰረች ትቀመጥ፣ ፈታኙ ጸጉር አይጠይቃትም በያት። ቅባቱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም በያት። ከእኔ አፍ ስትሰማው ቁጣ ይመስላታል። ሌላ ቆርቆሮ፣ ሌላ ጠርሙስ አትላኪ። ይህን ወረቀት መምህር ደመላሽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ እኔ በስልክ ከተናገርሁ እጮኻለሁ፣ ስለዚህ ጻፍሁት። የልጅቱን ዓመት አድኚልኝ። እየለመንሁሽ ነው።

የብርጓል ሰላም ብላሻለች። መሪጌታ አካለ ወልድ በጸሎቱ ያስብሻል። እሑድ እሑድ ለምታገኚያቸው ለአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዜማ ሰላም ይበሏት አላለችኝም፤ ግን ስጽፍ አይታ ለማን ነው ብላ ጠይቃኛለች። እንደ ሰላምታ ቁጠሪው።

በድለሽኛል ብዬ ጀምሬያለሁ፤ አልሰርዘውም። እኔም ልጅቱን በድያለሁ፤ ይህንንም አልሰርዘውም። ከዛሬ ጀምሮ በጾምም በፍስክም ቅቤ ከቤቴ አይጠፋም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ስለ ቅባቱም ስለ ቅቤውም ያለኝን በዚህ ወረቀት ጨርሻለሁ፤ በጽሑፍም በአፍም ዳግመኛ አላነሣውም። ብታነሺብኝም አልመልስልሽም።

አባትሽ ይታያል አንሙት
ይጁቤ አጠገብ፣ ምሥራቅ ጎጃም
ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.