የሱንዱስ ልጆች ካርድ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2009

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሱንዱስን አገኘኋት። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውን። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ መንግሥት በነጻ የሚሰጠው የሕክምና ኢንሹራንስ ካርድ ለሦስቱም ልጆቿ መጥቷል። ፎርሙን በኢንተርኔት ሞልታ፣ በወሩ! አሳየችኝና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከአንገት በላይ። እንኳን ደስ አለሽ ማለት እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

የኔው ሚካኢል ደረቱ እያፏጨ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አስሙ ብሶበታል። በአፉ የሚስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩም እያለቀ ነው...

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

እኔም ሞላሁ። ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ይላል። አራት። እኔ፣ ባሌ ዙሀይር፣ ሚካኢል፣ ዋለ። ዋለ የዙሀይር የአገር ልጅ ነው፤ ከኮምቦልቻ። ሳሎን ያድራል፣ ሚካኢልን ከትምህርት ቤት ያመጣል። እሱ ክርስቲያን ስለሆነ የሥጋ ድስቱ ለብቻ ነው እንጂ ቤቱ አንድ ነው። እንዴት ይቀራል? የታክሲ ገቢውንም ጻፍኩለት። ውሸት አልወድም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ደብዳቤ መጣ። አይሆንም። የቤተሰቡ ገቢ ከተፈቀደው በላይ ነው አሉ። የቱ ገቢ? እኔ ነርሲንግ ሆም የአረጋውያን አንሶላ አጥቤ፣ ዙሀይር ፓርኪንግ ጠብቆ...

የሱንዱስ ባል ባህሩዲን ግን ትራክ ነጂ ነው። ትልቁን ትራክ። የሷ እንዴት አለፈ?

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ደረጃው ላይ ልጆቿ ሲስቁ ሰምቼ በሬን ዘጋሁ። በልጅ ሳቅ ይቀናል?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 7

የሥራ ባልደረባዬ ፋና ከሥራ ስትመልሰኝ መኪና ውስጥ አፌ አላርፍ አለ። ሱንዱስ የባሏን ገቢ ደብቃ ነው አልኳት። አየሽ? አለችኝ። አላየሁም። ግን ሌላ ምን ይሆናል? ስናገረው ደስ አለኝ። ቤት ስገባ ደስታው የለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12

ሚካኢል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለከልካል። ኢንሄለሩ ኪሱ ውስጥ ነው። ለምን አትወስድም? ስለው «አይም ሴቪንግ ኢት፣ ማሚ» አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ መድኃኒት ይቆጥባል! አስወሰድኩት። ትንፋሹ ሲመለስ ደብዳቤውን ይዤ የሱንዱስን በር አንኳኳሁ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ።

የሞላሁትን አንድ በአንድ አየችው።

«ዋለ የዙሀይር ወንድም ነው?»

«እንደ ወንድሙ ነው።»

«ከአንድ እናት?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ፎርሙ አያውቀውም። አውጪው።»

ለካ የሱ ገቢ ነው የጣለን። እንደገና ስንሞላ አወጣሁት። እጄ ግን ከበደኝ... ዋለን!

ከዚያ አላስቻለኝም፤ አንቺስ በባህሩዲን ገቢ እንዴት አለፍሽ? አልኳት። ልጆቿ ያሉበትን ክፍል በር ዘጋችው።

«ባህሩዲን ከሄደ ስምንት ወሩ። ሲያትል ሌላ አግብቷል። ለሰው ትራክ ላይ ነው እላለሁ። እውነቱን የነገርኩት ለፎርሙ ብቻ ነው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስቀናባት የከረምኩት በዚህ ነው? አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 2

የሚካኢል ካርድ መጣ። ነገ አዲስ ኢንሄለር እናወጣለን።

ለዋለ ከፎርሙ እንዳወጣሁት ነገርኩት። እራቴስ አብሮ ወጣ? ብሎ ሳቀ። ተመስገን።

ለፋና ደወልኩ። ስለ ሱንዱስ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ምንም አልደበቀችም አልኳት። ታዲያ ባሏ ትራክ እየነዳ እንዴት አለፈች? አለችኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። እኔ እንጃ አልኳት። አላመነችኝም፤ ታዲያ ያን ቀን ከየት አምጥተሽ ነው? አለች።

«ቀንቼ ነው» አልኳት።

ያንን ወዲያው አመነችኝ።